ዚንክ ኦክሳይድ ውሃን ይሰነጥቃል? ለአዳማዋ ተማሪ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «አዳማ የምማር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ከግራዋ ቅጠል ጭማቂና ከዚንክ ናይትሬት የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣቶች ሠርቼ፣ በኒኬል ስፖንጅ ላይ ቀብቼ፣ በአንድ ሞላር ፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ለካኋቸው። ኦክስጅን ለማውጣት በ10 ሚሊአምፔር በካሬ ሴንቲ ሜትር የጠየቀኝ ትርፍ ቮልቴጅ (ከግዴታው ዝቅተኛ ቮልቴጅ በላይ የሚጨመረው) 340 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት 1.4 ቮልት አካባቢ ትንሽ ጉብታ ይታያል፤ ምንነቱን አላወቅሁም። ዚንክ ኦክሳይድ በፀሐይ ብርሃን ማቅለሚያን የሚያጠፋ ጎበዝ ካታሊስት ስለሆነ በኤሌክትሪክም ጎበዝ መሆኑ አልገረመኝም። ፕላቲነምን ሊተካ ይችላል ብዬ ብጽፍ ስህተት ይሆናል? እንደ ታናሽ እህትዎ ቆጥረው ይምከሩኝ።»

እህቴ፣ ጉብታውን ሳትሸሽጊ መጻፍሽ ደስ አሰኝቶኛል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ከሥዕሉ ላይ ቆርጦ ያስቀረዋል። የጥያቄሽ መልስ ግን ያለው እዚያው ነው። እኔ እስከሚታየኝ ድረስ የለካሽው ዚንክ ኦክሳይዱን ሳይሆን የተቀባበትን ኒኬል ነው። ስለዚህ ፕላቲነምን ይተካል ብለሽ አትጻፊ። እስካሁን የደከምሽበት ግን አልባከነም፤ ወዴት ልትወስጂው እንደምትችዪ ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

ኒኬል ጠንካራ አልካላይ ውስጥ ሲገባ ላዩ ላይ ስስ የኒኬል ሃይድሮክሳይድ ቆዳ ያወጣል። ቮልቴጁን ከፍ እያደረግሽ ስትሄጂ፣ በሬቨርሲብል ሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ ሚዛን (ቮልቴጅን በምናነጻጽርበት መነሻ) ከ1.35 እስከ 1.4 ቮልት አካባቢ፣ ቆዳው ውስጥ ያለው ኒኬል አንድ ኤሌክትሮን ጥሎ ከሁለት አዎንታዊ ሙል ወደ ሦስት ይሸጋገራል። ያየሽው ጉብታ ይህ ሽግግር ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የሚነሣው የኦክስጅን ፍሰትም የዚያው ቆዳ ሥራ ነው። ኒኬል በአልካላይ ውስጥ ኦክስጅን በማውጣት የታወቀ ብረት ስለሆነ 340 ሚሊቮልት ለእርሱ እንግዳ ቁጥር አይደለም። በዚያ ላይ የምንገዛው ፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ የብረት (የአይረን) ርዝራዥ አያጣውም። ኮሪጋን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ እጅግ ጥቂት ብረት ወደ ኒኬል ቆዳ ሲገባ ኦክስጅን የማውጣት አቅሙን በብዙ ያሳድገዋል። ስፖንጁ ብቻውን፣ ምንም ሳይቀባ፣ አንቺ ያገኘሽውን ቁጥር ወይም ለእርሱ የቀረበ ነገር ሊሰጥሽ ይችላል።

ዚንክ እንዲህ ያለ ጉብታ ሊያሳይ አይችልም። ምክንያቱ በአቶሙ ውስጥ ነው። ዚንክ ሁለት ኤሌክትሮን ከሰጠ በኋላ የዲ ምሕዋሮቹ (ኤሌክትሮን የሚቀመጥባቸው ቦታዎች) በአሥር ኤሌክትሮን ሞልተው ይዘጋሉ። በውሃ ውስጥ ሦስተኛ ኤሌክትሮን አይሰጥም። ከውሃ ኦክስጅን ለማውጣት ደግሞ አራት ኤሌክትሮን ተራ በተራ መነቀል አለበት። ይህን የሚያሳልጡት ኒኬል፣ ኮባልት፣ ብረት፣ ኢሪዲየምና ሩተኒየም ናቸው፤ እንደ ሰፈር ባለሱቅ በዱቤ ይቀበላሉ፣ በዱቤም ይሰጣሉ። ዚንክ የዱቤ ደብተሩን ዘግቶ የተቀመጠ ነው። ኮባልት የተጨመረበት ዚንክ ኦክሳይድ ጥሩ ኦክስጅን አወጣ የሚል ጽሑፍ ስታነቢም በመጀመሪያ ኮባልቱን ጠርጥሪ።

ሁለተኛው እንቅፋት ከኤሌክትሪክ ባሕርዩ ይመጣል። ዚንክ ኦክሳይድ 3.37 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ የኃይል ክፍተት ያለው ከፊል አስተላላፊ ነው፤ በውስጡ ፍሰት የሚሸከሙትም ኤሌክትሮኖች ናቸው። እንዲህ ያለውን ነገር አኖድ፣ ማለትም ኦክስጅን የሚወጣበት ኤሌክትሮድ፣ ስታደርጊው ከገጽታው አጠገብ ያለው ሽፋን ኤሌክትሮኖቹን አጥቶ ይራቆትና መንገድ ይዘጋል። ውሃ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚያሳልፍ የቧንቧ ቫልቭ ማለት ነው። በጨለማ ጥሩ አኖድ የማይሆነው ለዚህ ነው።

በፀሐይ ብርሃን ማቅለሚያን ማጥፋቱስ? እዚህ ላይ ያደረግሽው ዝላይ በየዓመቱ ከማያቸው የተማሪ ጽሑፎች በግማሹ ውስጥ ያለ ነው። ሁለቱ ሥራዎች በስም ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት፣ ከ368 ናኖ ሜትር ያጠረው የብርሃኑ ክፍል ማለትም አልትራቫዮሌቱ፣ ኤሌክትሮን ከቦታው አንሥቶ ባዶ ጉድጓድ ይተዋል። ማቅለሚያውን የሚሰባብረው ያ ጉድጓድ እና ከእርሱ የሚወለዱት ራዲካሎች ናቸው። ጉልበቱን የሰጠው ብርሃኑ ነው። ፉጂሺማና ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1972 በቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያሳዩት ፈር ቀዳጅ ሙከራም በብርሃን የሚሠራ ነበር። ኤሌክትሮካታሊስት ግን ጉልበቱን የሚያገኘው ከሶኬት ነው። የሚጠየቀውም ሌላ ጥያቄ ነው፦ በጨለማ፣ በገጽታው ላይ፣ ኤሌክትሮን በቀላሉ ይለዋወጣል ወይስ አይለዋወጥም? እንዲያውም ዚንክ ኦክሳይድ ብርሃን ላይም አደገኛ ጠባይ አለው፤ ጉድጓዱ ውሃውን ትቶ ራሱን ኦክሳይዱን ይበላዋል፣ ዚንኩም ወደ ውሃው ይሄዳል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የመረጥሽው መዋጫ፣ ማለትም ኤሌክትሮዱ የሚነከርበት ፈሳሽ ነው። ዚንክ ኦክሳይድ አሲድም አልካላይም ያሟሙታል። በአንድ ሞላር ፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ወደ ዚንኬት፣ ማለትም ወደሚሟሟ የዚንክ ውሁድ ይለወጣል፤ በአንድ ሊትር ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊግራም ሊሟሟ ይችላል። ይህን ወደ ላቦራቶሪ ጠረጴዛ እናምጣው። ሦስት ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ግላሲ ካርቦን ላይ ብዙ ጊዜ የምናንጠባጥበው አምስት ማይክሮ ሊትር ቀለም (ዱቄቱ የተበተነበት ፈሳሽ) ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ቀለም ውስጥ አምስት ሚሊግራም ዱቄት ካለ፣ ኤሌክትሮዱ ላይ ያረፈው 25 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ከፊቱ ያለው የ50 ሚሊ ሊትር ቢከር ደግሞ ከአሥር ሚሊግራም በላይ ማሟሟት ይችላል። ሆዱ ለመቶዎች እጥፍ የሚበቃ ነው ማለት ነው።

ይህን ለተማሪዎቼ በዓይናቸው አሳያቸዋለሁ። እንደ መስታወት የተወለወለ ጥቁር ዲስክ ላይ ዚንክ ኦክሳይዱን ይቀባሉ፤ ሲደርቅ ቀጭን ነጭ ጭጋግ ይመስላል። ገመድ ሳይነካው፣ ፍሰት ሳይለቀቅበት፣ አልካላይ ውስጥ አስቀምጠውት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በማግስቱ ጠዋት ሲያወጡት ጭጋጉ የለም፤ ፊታቸውን በጥቁሩ መስታወት ውስጥ ያዩታል። «እስከ ዛሬ ስንለካ የነበረው ታዲያ ምንድን ነው?» ይላሉ። እኔም መልስ አልሰጣቸውም፤ ራሳቸው ይደርሱበታል። ኒኬል ስፖንጅሽ ላይም ይህ እየሆነ ይመስለኛል፤ ሃያ ሰዓት ሙሉ አልተዳከመም ብለሽ የምትጽፊለት ነገር ምናልባት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሄዷል፣ የቀረው ስፖንጁ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ሦስት ነገር አድርጊ። ያልተቀባውን ስፖንጅ በዚያው መዋጫ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ቀን ለኪው። ቀጥሎ ያንኑ ዱቄት ኒኬል በሌለበት ነገር ላይ፣ በግላሲ ካርቦን ወይም በካርቦን ወረቀት ላይ፣ ቀብተሽ ድገሚው። ከዚያ ከልኬቱ በኋላ መዋጫውን ሳትደፊ አስቀምጪና ዚንክ እንዳለበት አስመርምሪ፤ በአቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያ በቀላሉ ይታወቃል። የዱቄቱን የክሪስታል ማንነት የሚያሳየውን ኤክስሬይ ዲፍራክሽንም ከልኬት በፊት ብቻ ሳይሆን ከልኬት በኋላም አንሺ። ከበፊቱ ብቻ የተነሣ ሥዕል ሙከራውን ስትጀምሪ ምን እንደነበረሽ እንጂ ፍሰቱን ማን እንደሸከመ አይናገርም።

አንድ የራሴን ታሪክ ልጨምር። ከዓመታት በፊት፣ ወጣት ተመራማሪ ሳለሁ፣ ዚንክ ካለበት ውሁድ ያገኘነው ካርቦን አሲድ ውስጥ ሃይድሮጅን በማውጣት እየተሻሻለ ይሄድ ነበር። በየመቶ ዙሩ መስመሩ ወደ ፕላቲነም ይጠጋል። «ራሱን እያነቃ ነው» ብለን ጻፍን። አጋር ኤሌክትሮዳችን፣ ማለትም ፍሰቱ የሚመለስበት ሁለተኛው ኤሌክትሮድ፣ የፕላቲነም ሽቦ ነበር። በእያንዳንዱ ዙር ከሽቦው ጥቂት ፕላቲነም እየሟሟ እኛ ካርቦን ላይ እየተለጠፈ ነበር። ሽቦውን በግራፋይት ዘንግ ስንተካው ያ ሁሉ መሻሻል ጠፋ። ጽሑፉን መለስነው፤ ዛሬም ሳስታውሰው ያሳምመኛል። አንቺም በካቶድ (ሃይድሮጅን በሚወጣበት ኤሌክትሮድ) በኩል የምትለኪው ነገር ካለ የፕላቲነም ሽቦውን ከአሁኑ አውጪው።

አሁን ወደ ፕላቲነም ልምጣ። የጥናትሽ መግቢያ ምን እንደሚል መገመት እችላለሁ፦ ፕላቲነም ውድ ነው፣ በአዳማ ኮረብታዎች ላይ የንፋስ ኃይል አለ፣ ስለዚህ በርካሽ ካታሊስት ሃይድሮጅን እናምርት። ንፋሱ እውነት ነው። የመጀመሪያው የአዳማ ጣቢያ 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት የተተከለ አቅም አላቸው፤ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ተርባይኖቹን እያየን ነው ወደ ከተማው የምንገባው። ነገር ግን በአልካላይ የሚሠሩ የኢንዱስትሪ ኤሌክትሮላይዘሮች ድሮም በፕላቲነም አልሠሩም፤ ኤሌክትሮዶቻቸው ኒኬል ወይም ኒኬል የተለበጠ ብረት ናቸው። ፕላቲነምና ኢሪዲየም የሚፈለጉት አሲዳማ ሽፋን ባላቸው ኤሌክትሮላይዘሮች ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ ዚንክ ኦክሳይድ አንድ ሰዓትም አይቆይም። በአልካላይ መወዳደር ካለብሽ ተቀናቃኝሽ ኒኬል ነው፤ እርሱንም አስቀድመሽ ከሥር አስቀምጠሽዋል።

ለሃይድሮጅንም ቢሆን ዚንክ ሰነፍ ነው፤ ይህ ስንፍናው ግን ዓለምን ጠቅሟል። ዚንክ በመደበኛ ሚዛን 0.76 ቮልት ከሃይድሮጅን በታች ስለሆነ፣ በሕጉ ቢሆን ውሃ ሲነካው ሃይድሮጅን እየለቀቀ ማለቅ ነበረበት። ሆኖም የቤታችን ቆርቆሮ በዚንክ ተለብጦ ክረምት ከበጋ ዝናብና ፀሐይ ይችላል፤ የእጅ ባትሪ ድንጋይም ዚንክ ለብሶ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ወራት ይቀመጣል። ላዩን የሚሸፍነው ስስ ቆዳ ይጠብቀዋል። ከዚያም በላይ ሃይድሮጅን በዚንክ ገጽታ ላይ ለመውጣት ከባድ ትርፍ ቮልቴጅ ይጠይቃል። ለሃይድሮጅን ፈላጊ እንቅፋት የሆነው ይህ ጠባይ ሃይድሮጅን ለማይፈልግ ሰው በረከት ነው። እዚህ ላይ ነው ዚንክ እውነተኛ ቦታውን የሚያገኘው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድን በኤሌክትሪክ ወደ ሌላ ነገር ስንለውጥ ዋናው ጠላታችን በጎን የሚወጣው ሃይድሮጅን ነው። ጃፓናዊው ተመራማሪ ዮሺዮ ሆሪ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ብረቶችን አንድ በአንድ በባይካርቦኔት ውስጥ እየለካ በቡድን መድቧቸዋል። ቆርቆሮን (ቲንን)፣ እርሳስንና ኢንዲየምን ፎርሜት ከሚሰጡት ጋር፣ መዳብን ሃይድሮካርቦን የሚሰጥ ብሎ ለብቻው፣ ዚንክን ደግሞ ከወርቅና ከብር ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሚሰጡት ጋር አስቀምጦታል። ከወርቅ ጋር መቀመጡ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከሦስቱ እጅግ ርካሹ እርሱ ነው። ታዲያ ዚንክ ኦክሳይድ እዚህ ምን ይሠራል? እንደ መነሻ ያገለግላል። በሬቨርሲብል ሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ ሚዛን ከአሉታዊ 0.43 ቮልት በታች ስትወርጂ፣ ኦክሳይዱ ኦክስጅኑን እየጣለ ወደ ብረት ዚንክ መለወጥ ይጀምራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን የምትለውጪው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ቮልቴጅ ነው። ስለዚህ የሚሠራው ከኦክሳይዱ የተወለደ፣ ገጽታው ሻካራና ጠርዘ ብዙ የሆነ ዚንክ ነው። ይህን አምነሽ ከጻፍሽ ጥሩ ሳይንስ ነው። ችግሩ ጋዝ ክሮማቶግራፍ፣ ማለትም ጋዞችን ለይቶ የሚለካ መሣሪያ፣ ያስፈልግሻል፤ የወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳትለኪ በፍሰቱ መስመር ብቻ ምንም ማለት አትችዪም። ጋዙ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ስለሆነ ጥሩ አየር ማስወጫ በሌለበት ክፍል አትሞክሪው።

ክሮማቶግራፍ ከሌለሽ እኔ የምመርጥልሽ ሌላ መንገድ ነው፤ ውሃን እስከ ኦክስጅን ሳይወስዱ መንገድ ላይ ማስቆም። ከውሃ አራት ኤሌክትሮን ሲነቀል ኦክስጅን ይገኛል፣ በሚዛኑ 1.23 ቮልት ይጠይቃል። ሁለት ብቻ ሲነቀል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይገኛል፣ 1.76 ቮልት ይጠይቃል። ኒኬልና ኢሪዲየም እስከ መጨረሻው ይወስዱታል። ዚንክ ኦክሳይድ ግን ለመካከለኛው ውጤት አድልዎ እንዳለው በስሌትም በሙከራም ታይቷል። ያ የተዘጋ የዱቤ ደብተር እዚህ ጥቅም ይሆናል፤ ኦክስጅንን አጥብቆ ስለማይይዝ ውሃውን ወደ አራተኛው ኤሌክትሮን አይገፋውም።

ለዚህ የሚሆነው መዋጫ ባይካርቦኔት ነው፤ ፒኤቹ ከስምንት ትንሽ ይበልጣል። ዚንክ ኦክሳይድ በትንሹ የሚሟሟውም በዚያ ሰፈር፣ በዘጠኝና በአሥር አካባቢ ስለሆነ ዕድሜው ይረዝማል። ኒኬሉን ተዪው፤ አስተላላፊ ሽፋን ያለው መስታወት ውሰጂ። ሽፋኑን ስስ አድርጊው፣ ጥቂት አሉሚኒየም ብትጨምሪበት ደግሞ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችግሩ ይቀልልሻል። ውጤቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያሻም። ናሙናውን በሰልፈሪክ አሲድ ቀስ ብለሽ አሲዳማ ካደረግሽው በኋላ፣ ባይካርቦኔቱ ስለሚፈላ አትቸኩዪ፣ በፖታሽየም ፐርማንጋኔት ታይትሬት ታደርጊዋለሽ። ሐምራዊው ጠብታ ቀለሙን ሳይለቅ ሲቀር ጨርሰሻል። ፐርኦክሳይድ ስለሚበላሽ ናሙናውን ለነገ አታሳድሪው። ጠቃሚነቱም በመግቢያሽ ላይ ለመጻፍ አያስቸግርም፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጨርቃ ጨርቅ ለማንጣትና ውሃ ለማከም የሚያገለግል ኬሚካል ነው።

ኦክስጅን ወይም ሃይድሮጅን በቡሬት ለመሰብሰብ ካሰብሽ ደግሞ አዳማ መሆንሽን አትርሺ። በ10 ሚሊአምፔር አንድ ሰዓት ብትሠሪ፣ ሙሉው ፍሰት ወደ ሃይድሮጅን ከሄደ፣ በባሕር ወለል በ25 ዲግሪ 4.6 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወጣል። እኛ ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍ ብለን ስለምንኖር የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ያው ሃይድሮጅን ወደ 5.6 ሚሊ ሊትር ይነፋል፣ የውሃ ተኑም ትንሽ ይጨምርበታል። ይህን ያላሰበ ተማሪ ከ120 በመቶ በላይ ቅልጥፍና አገኘሁ ብሎ ሲመጣ አይቻለሁ። ኦክስጅን ከሆነ ግማሹን ጠብቂ። የዕለቱን ግፊት በባሮሜትር አንብበሽ በደብተርሽ ጻፊው።

ስለ ግራዋው ጥቂት ልበል። በቅጠል ጭማቂ መሥራቱን አልቃወምም፤ ነገር ግን ቅጠል ንጹሕ ኬሚካል አይደለም። ፖታሽየም፣ ካልሲየምና ብረት ይዞ ይመጣል፤ ብረቱ ምን እንደሚያደርግ ከላይ ነግሬሻለሁ። ምድጃውን ስትከፍቺ ዱቄቱን ልብ ብለሽ እዪው። ትኩስ ዚንክ ኦክሳይድ እንደ ሎሚ ልጣጭ ቢጫ ነው፤ ሲበርድ ዓይንሽ እያየ ወደ ነጭ ይመለሳል። ጠባዩ ስለሆነ አትደንግጪ። ከበረደ በኋላም ግራጫ ወይም ቡኒ ሆኖ ከቀረ ግን የቅጠሉ ካርቦን ወይም ሌላ ነገር ውስጡ አለ። እንደዚያ ከሆነ ያለ ቅጠል፣ ከዚንክ ናይትሬት ብቻ የተሠራ ሌላ ናሙና ጎን ለጎን ለኪ። ልዩነት ካልታየ ግራዋው ለካታሊስቱ የጨመረው ነገር የለም፤ ይህንንም መጻፍ ይቻላል።

ለአማካሪሽ ስትነግሪ ክርክር ይዘሽ አትግቢ። የተቀባውንና ያልተቀባውን ስፖንጅ ሁለት መስመሮች በአንድ ሥዕል ላይ አድርገሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ፤ ሁለቱ ከተደራረቡ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ያልተቀባው ትርፍ ቮልቴጅ በግልጽ ከፍ ብሎ ከተገኘ ግን እኔ ተሳስቻለሁ ማለት ነው፤ ያኔ የካርቦን ወረቀቱን ልኬትና የመዋጫውን የዚንክ መጠን ጨምረሽ እንደገና ጻፊልኝ።